ሩጫ ቅጣት አይሁን

በሚያዝያ በአማራ ክልል ቆላ የምትገኘው የአብርሃ ጅራ ከተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ወር ከረፋዱ በኋላ ስልሳ ተማሪ ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ ኳሱም አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሃያ ሁለቱ ይጫወታሉ፤ የቀሩት ፀሐይ ላይ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ መገፋፋቱ፣ መሰዳደቡ፣ ጠጠር መወራወሩ ይጀመራል። መምህሩ ፊሽካውን ይነፋና ጥፋተኛ የመሰለውን ሜዳውን ዙር ያስሮጠዋል፤ ካልሆነም ያንበረክከዋል።

በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከሚታየው ረብሻ አብዛኛውን የሚወልደው ሥራ ፈትቶ መቆም ነው ብዬ አምናለሁ። በሩጫ መቅጣትም ረብሻውን ያባብሰዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። አርጩሜ ሕገ ወጥ መሆኑን መምህራን ያውቃሉ። ማስሮጥና ቁጭ ብድግ ማሰኘት ግን በስፖርት መምህር እጅ ትምህርት ስለሚመስሉ ማንም አይጠይቅባቸውም። ልጁም የሯጮች አገር ተወላጅ ሆኖ ሳለ ሩጫን ከውርደት ጋር አያይዞ ያድጋል።

በቆላው ደግሞ ጉዳዩ ከውርደትም ያልፋል። የአየሩ ሙቀት ከቆዳ ሙቀት ሲበልጥ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት ዋና መንገድ ላብ ብቻ ነው፤ ውኃ ያልጠጣ ልጅ ደግሞ የሚያልበው ያንሰዋል። በዚህ ላይ አብርሃ ጅራ ያለችበት ምዕራብ አርማጭሆና መተማ የወባና የካላዛር አገር ናቸው። ሁለቱም በሽታዎች ደም ያሳንሳሉ፣ ጣፊያም ያሳብጣሉ። ያበጠ ጣፊያ ሆድ ላይ በሚያርፍ ምት ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ ከሩጫው ወደኋላ የቀረውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ዙር የሚጨምርበት መምህር፣ ገና ከሕመሙ ያላገገመውን እየቀጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ ማን ታሞ እንደነበር ከወላጅ መጠየቅ አለበት።

የተማሪው ስብጥርም ከደጋው ይለያል። ሰሊጥ የሚታጨደው ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ነው፤ አጨዳ ላይ ሰንብቶ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት የክልሉ ግጭት ትምህርት በማቋረጡ ምክንያት ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ማሳ ላይ እንደ ሳሉግ (የእርሻ የጉልበት ሠራተኛ) ሲሠራ የከረመን ጎረምሳ በታናናሾቹ ፊት ማንበርከክ ጠብ መጥራት ነው። ያው ልጅ ፊሽካ ተሰጥቶት ዳኛ ቢሆን፣ ወይም አንድ ቡድን እንዲመራ ቢደረግ፣ ጉልበቱ ቦታ ያገኛል። አሜሪካዊው መምህር ዶን ሄሊሰን ቺካጎ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች ከሚኖሩ ልጆች ጋር ለዓመታት ሠርቶ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሌላውን ማክበር፣ ከዚያ መትጋት፣ እያለ እያለ ሌሎችን ወደ መርዳት መድረስ።

ዳር ስለሚቀመጡት ልጃገረዶችም ልናገር። ብዙ ጊዜ «አይፈልጉም» ተብሎ ይታለፋል። ወንዶች እያዩ በቀሚስ መዝለል ለሚከብዳት ልጅ ግን የሜዳው ሌላኛው ጫፍ ቢከለልላት፣ ከእኩዮቿ ጋር ሱዚ ወይም መረብ ኳስ ብትጫወት ትነሳለች።

ታዲያ መምህሩ አንድ ኳስ ይዞ ምን ያድርግ? ክፍሉን ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ባሉት ቡድን ይክፈለው። አንዱ በጨርቅ ኳስ ይቀባበል፣ አንዱ ገመድ ይዝለል፣ አንዱ ፔፕሲ ይጫወት፣ አንዱ ጥላ ሥር ሰውነት ያፍታታ፤ በየጥቂት ደቂቃው በፊሽካ ይቀያየሩ። ሕጎቹ ሦስት ቢሆኑ ይበቃሉ፤ የሚነገሩትም ሜዳ ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። ያጠፋ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይመልከት፣ ከዚያ ይመለስ። ከጨዋታ መገለል ለልጅ በቂ ቅጣት ነው። ጾምና ረመዳን ሲሆን ደግሞ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይምረጥ።

ሁሉን በመምህሩ ትከሻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ያለው በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው። በቆላ ወረዳዎች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓታት እንዳይወጣ ማድረግ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። በሜዳው ዳር ኒም ወይም ሌላ የጥላ ዛፍ መትከል፣ አንድ በርሜል ውኃ ማቅረብም የወላጅ ኮሚቴን አቅም አይፈታተንም። የአብርሃ ጅራና የመተማ ርዕሳነ መምህራን፣ የሚቀጥለውን ዓመት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ስታወጡ ከስፖርት ጀምሩ።