ሹመት ያዳብር፤ ለማን?

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን «ደግ አስተዳዳሪ ከየት ይምጣልን?» እያለ ያለቀሰበትን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዕሩ ጥሩ ነው፤ እንባውም የእውነት ነው። ሐሳቡ ግን ጠማማ ነው። ይህን የምለው ወንድማችንን ለመዝለፍ አይደለም። መኝታ ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የምንጨቃጨቀው ሁላችንም በዚሁ በሽታ ተለክፈናል። አንዱ «እገሌ ቢሾም ኖሮ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ከእሱስ እገሌ በስንት ጣዕሙ!» ብሎ ይነሣበታል። ወንበሩ ራሱ ምን ዓይነት ወንበር ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም።

ቋንቋችንን ብናዳምጠው እኮ ይነግረናል። ሰው ሲሾም «ሹመት ያዳብር» እንላለን። የሚያዳብረው ማን ነው? የሾመው ነዋ! መሾምና መሻርማ ከመጣበቃቸው የተነሣ «ሹም ሽር» የሚባል አንድ ቃል ሆነዋል፤ በመካከላቸው «ሕዝብ» የሚል ቃል የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ነገሩን በአየር ላይ ላለመተው ጎጃምን እንውሰድ። አገር ገዥ የሚባለውን ፍጥረት በየመልኩ ያየ ምድር ነውና።

መጀመሪያ የአገሩ ተወላጅ ገዥ ነበረ። ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉም እስከ 1924 ዓ.ም. ገዙ። የዚያ ዘመን ገዥ ግብር ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ የጦር አዝማችም እሱው ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚኖረው ከገባሩ ላብ ነው። ራስ ኃይሉ ልጅ ኢያሱን ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ሲሻሩ ራስ እምሩ ከአዲስ አበባ ተሾመው ሄዱ። ዛሬ «የራሳችን ሰው ቢገዛን» የሚሉ ጓደኞቼ ይህችን ልብ ቢሏት እወዳለሁ። የራስ ኃይሉ ገባር በራሱ ሰው ነበር የሚገዛው። ታዲያ ምን ተረፈው?

ቀጥሎ የመጣው ባለደመወዙ ገዥ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ። ጠቅላይ ገዥው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፤ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ይውላል፤ የግል ጦር አይኖረውም፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ገዥው ጦሩንና ካዝናውን ተቀማ። ነገር ግን ከገዥው የተወሰደው ሥልጣን ለገበሬው አልተሰጠም፤ ወደ ላይ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ገዥ ፊቱ ወደ ቤተ መንግሥት፣ ጀርባው ወደ ገበሬው ነው።

ይህ አቋቋም ምን እንደሚያመጣ በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ ገንዘቡን ብቻ አልነበረም የፈራው፤ ዛሬ ሰብሌን የሚገምት ነገ ርስቴ ላይ ቀላድ ይጥልብኛል ብሎ ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬው ግብሩን ብቻ ሳይሆን እሳቸውንም አንፈልግም አለ። አቤት ቢል ሰሚ አጣ፤ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ተላከበት፤ አውሮፕላን ሳይቀር መጣበት። አልበገር ሲል መንግሥት ግብሩን ተወ፣ ገዥውንም አነሣ።

አነሣና የት ላካቸው? ከፋ! እዚያም በጠቅላይ ገዥነት! ጎጃም ያልፈለጋቸው ሰው ለጅማ ሕዝብ ተላኩለት። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ በተራው «ይነሡልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። ወንድማችን «ደግ ሹም» ሲል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። ሕዝብ የተፋው ሰው ሾሚው እስካልተፋው ድረስ ሌላ ወንበር አያጣም።

በነገራችን ላይ ሌላ ጭላንጭል ታይቶ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ የተመረጡ ምክር ቤቶች በየአውራጃው ሊቋቋሙ ነበር። ፓርላማው አልቀበልም ብሎ ጣለው። ጠቅላይ ግዛት በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ጠቅላይ ገዥውም ዋና አስተዳዳሪ። የበር ላይ ጽሑፍ ተቀየረ፤ ብዙ አላወራበትም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጎጃም የአማራ ክልል አካል ሆነ። አሁን ያለው ስም «ርእሰ መስተዳድር» ነው። (ማዕረጉ እየረዘመ ሲሄድ ሥልጣኑ እያጠረ መሄዱን የቋንቋ ተማሪዎች ቢያጠኑልን።) ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የሚናቅ አይደለም። አንቀጽ 50 የክልሉ ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። ርእሰ መስተዳድሩንም የሚሰይመው ይኸው ምክር ቤት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ?

እስቲ ከወረቀቱ ወደ ወንበሩ እንምጣ። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 5 ሰዎች በርእሰ መስተዳድርነት ተሰየሙ፦ ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለ፣ አቶ አረጋ ከበደ። ዶክተር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በሥራቸው ላይ ተገደሉ፤ ስለ እሳቸው የምለው የለኝም፣ ነፍስ ይማር። የሌሎቹን ግን እንጠይቅ። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ አንድ ነው፤ የተቀያየሩት ግን ስንት ናቸው? አቶ ተመስገን ወደ መረጃና ደኅንነት፣ አቶ አገኘሁ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ተዛወሩ። ሰዎቹን ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ተዛወሩ የምትለዋን ቃል እያሳየሁ ነው። ሕዝብ የመረጠው ሰው ይወርዳል ወይ ይሰነብታል እንጂ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይዛወራል እንዴ? ምክር ቤቱ በየጊዜው ተሰበሰበ፣ እጅ አወጣ፣ አጨበጨበ፣ ተበተነ። ውሳኔው የት እንዳደረ የማያውቅ አለ?

«ታዲያ እያንዳንዱ ክልል ፊቱን ወደ ራሱ ካዞረ አገር አይበተንም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን መልሱን ጎጃም በ1960 ዓ.ም. ሰጥቶታል፤ ገበሬውን ጫካ ያስገባው ገዥው ለሕዝቡ መልስ መስጠቱ ሳይሆን አለመስጠቱ ነው። ደግሞስ የክልሉ በጀት አንዱ ክፍል ከፌዴራል ድጎማ በሚመጣበት አገር ርእሰ መስተዳድሩ ወዴት ይሸሻል?

እና ወንድማችን ለሚቀጥለው እትም ሌላ ጽሑፍ እንዲያመጣልን እጠይቀዋለሁ። ደጉን ሰው ተወውና ይህን ንገረን፦ የአንድ ወረዳ ሰው ርእሰ መስተዳድሩን አስጠርቶ «ይህን ገንዘብ የት አደረስከው?» የሚልበት ቀን በየትኛው ወር ይውላል? ምክር ቤቱስ ከላይ «ይነሣ» ሳይባል ያነሣው፣ «ይነሣ» ተብሎም «አይነሣም» ያለበት ሰው አለ? ካለ ስሙን ጻፍልን፤ እኔው ራሴ በስቴንስል ላይ እተይብልሃለሁ።