አንዱ ሰርቨር ለሥራ፤ ሁለተኛው ለሪፖርት

አንባቢ ሆይ፤ የወሩ መጨረሻ በደረሰ ጊዜ አለቃህ ሪፖርት ይጠይቅሃል። አንተም የሪፖርቱን ፕሮግራም ከፍተህ የዓመቱን መዝገብ በሙሉ ታስደምራለህ። በዚያው ሰዓት ግን በመስኮቱ በኩል የቆመው ባለ ጉዳይ «ሲስተም የለም» ይባላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የዕለቱን ሥራ የሚመዘግበውና ሪፖርቱን የሚያወጣው ሰርቨር አንድ በመሆኑ ነው። ባለ ጉዳዩ የሚፈልገው አንዲት መስመር ናት፤ ሪፖርቱ ግን ብዙ ሺህ መስመር እያነበበ ዲስኩንና ሜሞሪውን ይሻማዋል።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ መፍትሔው ሁለት ሰርቨር ማቆም ነው። በዋናው ይጻፍበት፤ ሁለተኛው ዋናውን እየተከተለ ይገልብጥ፤ ሪፖርትም ከሁለተኛው ይነበብ።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ መሥሪያ ቤት ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይስማማዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ሲሆን የፈቃድ ክፍያ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው 9.0 ከተባለው እትም ወዲህም ተከታዩ ሰርቨር እየገለበጠ ሳለ ሊነበብ ይችላል።

ስትተክለው ግን አምስት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፤ ዳታቤዙ ሲፈጠር የፊደሉ አያያዝ ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ የአማርኛ ስም ሳይበላሽ የሚቀመጠው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፤ ፖስትግሬስ ለጋራ መሥሪያው የሚይዘው ሜሞሪ ሲጫን 128 ሜጋባይት ብቻ ነውና፣ ሰርቨሩ ሌላ ሥራ ከሌለው ወደ ሩቡ ከፍ አድርገው። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ቢኖረው 4 ይሁን ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ከዋናው የመጣ ለውጥ ከረዥም ንባብ ጋር ሲጋጭ ተከታዩ ሰርቨር 30 ሴኮንድ ብቻ ታግሦ ንባቡን ያቋርጠዋል። ይህን የትዕግሥት ጊዜ አስረዝመው። ቁጥሩ ከዋናው ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ለወር ሪፖርት ግን ይህ አይጎዳም።

አራተኛ፤ ዳታቤዙ ቀን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ቀን ለእርሱ ጁላይ 8 ነው። ሪፖርቱን ከጁላይ 1 ብታስጀምረው የሰባት ቀን ገቢ ካለፈው ዓመት ተወስዶ ለአዲሱ ይቆጠራል፤ ድምሩም ከሒሳብ ክፍል ጋር አይገጥምም።

አምስተኛ፤ ተከታዩን ሰርቨር እንደ መጠባበቂያ አትቍጠረው። በዋናው ላይ በስሕተት የተሰረዘ መስመር ወዲያው ከተከታዩም ይሰረዛልና። ስለዚህ በየሌሊቱ ሙሉ ቅጂ አውጥተህ በሌላ ስፍራ አስቀምጥ። በየጊዜውም በሌላ ማሽን ላይ መልሰህ ጫነውና መክፈቱን አረጋግጥ፤ ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ በችግር ቀን አያስተማምንም።

ይህ ሁሉ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አለቃህ ሪፖርቱን በሰዓቱ ያገኛል፤ ባለ ጉዳዩም በአንተ ድምር ምክንያት ቆሞ አይውልም።