ጋዜጠኛና ፕሮግራሚንግ ምን አገናኛቸው?

«አንቺ ጋዜጠኝነት እየተማርሽ ፕሮግራሚንግ ምን ያደርግልሻል?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፡፡ ዶርም ውስጥ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ፣ አንዴማ ከመምህር አፍ ጭምር፡፡ መልሴን እዚሁ ልጻፈው፡፡

ነገሩ የተጀመረው ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ባመጣችው ቪዲዮ ነው፡፡ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንተርኔት በነጻ የለቀቀው «ፕሮግራሚንግ ፓራዳይምስ» የተሰኘ ኮርስ ነው፡፡ ጄሪ ኬይን የተባለው መምህር በ27 ሌክቸር ከሲ ቋንቋ ተነስቶ ስኪምና ፓይተን ድረስ ይወስዳችኋል፡፡ ፓራዳይም የሚሉት፣ እኔ እንደገባኝ፣ አንድን ችግር አስቦ ፕሮግራም የመጻፊያ ስልት ነው፡፡

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን አስር ሌክቸሮች እንደ ፊልም ነበር ያየኋቸው፡፡ ራሴን እየነቀነቅኩ! ጓደኛዬ «እስቲ አሁን ጻፊ» ስትለኝ ግን አንዲት መስመር መጻፍ አቃተኝ፡፡ ማየት መማር መስሎኝ ነበር፡፡

ከዚያ በኋላ ከራሳችን ሙያ አንድ ሥራ ወሰድን፡፡ ሦስት የሬዲዮ ዜናዎች አሉ፤ 40፣ 65 እና 30 ሰከንድ፡፡ ድምራቸው ስንት ነው? በሲ ሲሆን «ድምር» የሚባል ቦታ ዜሮ ብለህ ትከፍታለህ፣ ዜናዎቹን በተራ እያነሳህ ትጨምርበታለህ፡፡ ይህ ማንም የሚገባው ነው፡፡ ስኪም ላይ የለመድነው አጻጻፍ ግን ሌላ ነው፦ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ዜና ሲደመር የቀሪዎቹ ድምር ነው፡፡ በቃ፡፡ እየተለዋወጠ የሚሄድ ቦታ የለም፡፡ ተናደድኩ፡፡ ድምሩን ለማወቅ ድምሩን እወቂ ይለኛል እንዴ? በወረቀት ከኋላ ጀምሬ ስሠራው ነው የገባኝ፦ ከባዶው ዜሮ፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 95፣ ከዚያ 135፡፡ መልሱ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ጨርሶ አይመሳሰልም፡፡

አንደኛ ዓመት የተገለበጠ ፒራሚድ ስንማር ዜና በሌላ መልክ የሚጻፍ አይመስለንም ነበር አይደል? ፊቸር ሲመጣ ግማሻችን «ዋናው ነገር የታለ?» እያልን ተቸገርን፡፡ እኔ ስኪም ላይ የገጠመኝ ያው ነው፡፡ አንድ ስልት ብቻ የሚያውቅ ሰው ስልት መሆኑንም አያውቀውም፡፡ (ልዩነቱ ኮምፒውተር የተሳሳተ መስመርን ብዙ ጊዜ እዚያው ይጥለዋል፣ የእኛ ስህተት ግን ታትሞ ይወጣል፡፡)

ዋጋ አላስከፈለኝም አልልም፡፡ የአንድ ኮርስ ሚድ ውጤቴ ወርዷል፤ «ጊዜሽን ነው የምታባክኚው» ያሉኝ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፡፡ ቢሆንም ግማሹ ጊዜ የጠፋው በትምህርቱ ሳይሆን በላባችን ኔትወርክ ነው፡፡ አንድ ቪዲዮ እስኪወርድ የላብ ሰዓት ያልቃል፡፡

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን አንድ ነገር ቢያደርግ፦ እነዚህን ሌክቸሮች አንዴ አውርዶ ላብ ኮምፒውተሮች ላይ ይጫንልን፡፡ ኤም.አይ.ቲ. በነጻ የሚያቀርባቸው፣ ኤብልሰንና ሰስማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለሂውሌት ፓካርድ ሠራተኞች የሰጧቸው የቆዩ ሌክቸሮችም አሉ፡፡ በሳምንት አንድ ምሽት ላቡ ይከፈትልን፤ የምናይበት ብቻ ሳይሆን የምንጽፍበት ምሽት ይሁን፡፡

እስከዚያው ፍላሹ እኔ ጋ ነው፡፡ ሴቶች ዶርም መጥታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ፣ ወንዶች ቅዳሜ ከሰዓት ላይብረሪው በር ላይ አለሁ፡፡ ሌክቸር 14 ተበላሽቶብኛል፤ ያለው ሰው ካለ ይዞልኝ ይምጣ፡፡