ቤት ከመግዛት አስቀድሞ የቤቱን ታሪክ

ሰው በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዥዎች ሁሉ የቤትን ያህል ከባድ የለም። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ቤት የሚገዛ ከተሜ ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳውንና ጣሪያውን አይቶ፣ የደላላውን ቃል ሰምቶ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ባንድ ቀን ያስረክባል። ቤቱን ማን ሠራው፣ ለማን ሸጠው፣ በምን ዓይነት ውል ተላለፈ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለዚህ ነገር በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣ መንገደኛ፣ በባሕር ዛፉ ሥር የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቤት ጎን ለጎን ቆመው ያያል። በእንዲህ ያለው ሰፈር ላይ የብዙ ዘመን ሕግ አልፎበታል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የአዲስ አበባ ቦታ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ደንብ ወጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ።

እንግዲህ ዛሬ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም። ይሁን እንጂ ያዘመመች የጭቃ ጎጆ በብዙ ገንዘብ ስትሸጥ፣ ገንዘቡ ለጭቃውና ለማገሩ ብቻ የተከፈለ አለመሆኑን ሻጭም ገዥም ያውቁታል። በወረቀት የተጻፈውና በልብ የታሰበው ሲለያይ ክርክር ይበቅላል።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግም የጋራ የሆነውን ቤት ባል ያለ ሚስት፣ ሚስትም ያለ ባል ስምምነት እንዳይሸጡ ይከለክላል። ይህን ሁሉ ትቶ በመንደር ውልና በቀብድ የተማመነ ገዥ፣ ነገ ያልተማከረች ሚስት ወይም ያልተጠየቀ ወራሽ ቢነሣበት ማንን ይወቅሳል?

«የሰፈሩ ሽማግሌ ያውቃል፤ የዕድሩ ዳኛ ይመሰክራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አጥሩ እስከምን እንደ ነበር፣ ወራሹ ማን እንደ ሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ ገዥም ጎረቤትን ሳይጠይቅ መቅረት የለበትም። ነገር ግን ሽማግሌ ያልፋል፤ ጎረቤትም ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው የብዙ ሰው ዓይን ያረፈበት ቦታ ሆኗል። ነባሩ ሸጦ ሲሄድ የቤቱ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር አንድ ቤት መቼና በስንት እንደ ተሸጠ ማንም ሰው ከመንግሥት መዝገብ ሊያይ ይችላል። በእኛም ዘንድ የይዞታ መዝገብ የያዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ቤቱ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ባንድ ገጽ አጠቃልለው፣ ገዥ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ቢያሳዩት፣ የብዙ ቤተ ሰብ ዕንባ ይታበስ ነበር።

ገዥም ይህ እስኪሆን ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ካርታውን በመዝገቡ ያስመርምር፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የግራና የቀኙን ጎረቤት ያነጋግር። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ሻጭ ቢገጥመው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይመለስ። ሁለት ቀን መዘግየት ዓመታት ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይሻላልና።