ከበጉ እንጀምር! ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች፣ ለሐኪሞችና ለተመራማሪዎች የቀረበ ጥሪ

በዓል በመጣ ቁጥር ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና በየግቢው በግ ይታረዳል። የአንዳንዱ በግ ሆድ ሲከፈት ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። አራጁ በቢላዋ ገሽልጦ «ይሄ አይበላም» ይልና ወደ በሩ ይወረውረዋል። የሰፈሩ ውሻም ይቀልበዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩን፣ ጎመኑንና የልጆቻችንን እጅ ይበክላል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ሰውም ሳያውቅ ይውጠዋል። እንዲህ ያለው ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ሳይታወቅ ለዓመታት ያድጋል፤ ሲደረስበት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰንሰለት መበጠስ ይቻላል! የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች የሠሩት ኢጂ95 የተባለ የበግ ክትባት አለ፤ ቻይናና አርጀንቲና ተጠቅመውበታል። ለሰው የሚሆን የትል ክትባት ግን እስካሁን አንድም ለአገልግሎት አልበቃም። በሌሎች የትል ዓይነቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የተማሪዎች የትል መድኃኒት እደላ ብዙ ልጆችን ረድቷል፤ ሆኖም መድኃኒቱን የወሰደ ልጅ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ክትባት የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

አንችልም የሚል ካለ ታሪካችንን ይመልከት። በ1880ዎቹ ከብቶቻችንን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣው የደስታ በሽታ በክትባት ተሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም ተነስተው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ለዓለም አሳዩ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ተቋም አለን። ከሥጋ ደዌ ምርምር የተነሳው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምም እዚሁ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ ጎረቤታችን ነው። ዕውቀቱም ቦታውም በእጃችን ነው!

ስለዚህ ተመራማሪዎች፣ ኢጂ95ን በአገራችን በጎች ላይ ፈትሹ፤ ውጤቱ ካማረ ቢሾፍቱ ይመረት ዘንድ ታገሉ። የሰው ክትባት ሙከራ ወደ አገራችን ሲመጣም ዳር ቆማችሁ አትዩ። የእንስሳት ሐኪሞች፣ ለሰፈር ውሾች የትል መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀን ቁረጡ። እናቶችና አባቶች፣ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ አቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ልጆቻችሁ ውሻ ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉ ተቆጣጠሩ። የእድር ዳኞች፣ ጉዳዩን በቀጣዩ ስብሰባ አንሱ፤ ለየሰፈሩ ጉድጓድ አስቆፍሩ፤ የበግ ክትባት ይምጣልን የሚል ደብዳቤ አስፈርማችሁ ለክፍለ ከተማው አስገቡ።

ክትባቱ እስኪደርስ ቢላዋው በእጃችን ነው፤ ጉድጓዱም ከመጪው በዓል በፊት ይቆፈር። ተነሱ!