ትምህርቱን የሚያደርሰው ማን ነው?

ካርቱም ሲባል ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆሩት ሦስት ከተሞች፣ ማለትም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። ከሰሜን ካርቱም በስተምሥራቅ ሐጅ ዩሱፍ የተባለ ሰፊ ሠፈር ይገኛል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ድርቅና ጦርነት ከምዕራብና ከደቡብ ሱዳን ያፈናቀላቸው ሰዎች እየጎረፉ ስለ ሰፈሩበት፣ ዳር ዳሩ በጭቃ ቤት እየሰፋ ሄዶ ራሱን የቻለ ከተማ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሱቅ ሲታ፣ ማለትም ገበያ ስድስት፣ የሚባለው ገበያው በካርቱም የታወቀ ነው። በዚህ ሠፈር ከአገራቸው በልዩ ልዩ ምክንያት የወጡ ኢትዮጵያውያንም፣ ገሚሶቹ በሰው ቤት እያገለገሉ፣ ገሚሶቹ ሻይና ቡና እያፈሉ ሲኖሩበት ቆይተዋል።

ለአስተያየቴ መነሻ ይሆነኝ ዘንድ በዚህ ሠፈር የምትኖር አንዲት ልጅ በሐሳባችን እንፍጠር። ዘመኑ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ 2013 ዓ.ም. ይሁን። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአገርዋ ጨርሳ የተሰደደች ናት። ቀን በሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ በእጅ ስልክዋ አማካይነት ከአንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ በበይነ መረብ ትማራለች። እንዲህ ያለው ዕድል ተረት አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የተባለው ተቋም የሚያስተምረው በበይነ መረብ ብቻ ሲሆን፣ የማስተማሪያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ስደተኞችንም ይቀበላል።

የልጅቱ ችግር የሚጀምረው ግን ከተመዘገበች በኋላ ነው። የጽሑፍ ሥራዋን እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት እንድታስረክብ ትታዘዛለች። የማን እኩለ ሌሊት? ኒው ዮርክ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሐጅ ዩሱፍ ላይ ነግቶ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ አሥራ ሁለት ወይም አንድ ሰዓት ሆኗል፤ እርስዋም የአሠሪዎችዋን ቁርስ ለማድረስ ተነሥታለች። ትምህርቱ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተቀረጸ ስለሆነ አንዱን ክፍል ማየት ብቻውን የሳምንቱን የስልክ ሂሳብዋን ይጨርስባታል። መብራት ሲጠፋ ስልክዋ ይዘጋል። ያልገባትን ነገር ጽፋ ብትልክ መልሱ በሁለተኛው ሳምንት ይመጣል፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ይጠፋል። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር መዝገብም «ሥራዋን አላስረከበችም» ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ አልዋሸም፤ ነገር ግን ያወቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

እኔ ልሟገትላቸው የተነሣሁት በዚህች ልጅና በዚያ መዝገብ መካከል ሊቆሙ ስለሚገባቸው ባለሙያዎች ነው። መጠሪያቸው እንደየተቋሙ ይለያያል። አንዱ መምህሩ ያዘጋጀውን ትምህርት ለበይነ መረብ በሚስማማ መልክ ያሰናዳል። ሌላው አስጠኚ ነው፤ ሌላው የተማሪዎችን ጉዳይ ይከታተላል፤ ሌላው መሣሪያውንና መስመሩን ይጠብቃል። በላያቸውም ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብርና ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር የሚከራከር ኃላፊ አለ። መምህሩ የአንድ ሰዓት ንግግሩን ቀርጾ ሲያመጣ «ይህን በአምስት በስድስት እንከፋፍለው፤ ሥዕሉን ለማየት አቅም ለሌላቸው ድምፁን ለብቻው እናስቀምጥ፤ ጽሑፉንም አንድ ጊዜ አውርደው ያለ መስመር እንዲያነቡት እናድርግ» የሚለው አሰናጁ ነው። የልጅቱ ድምፅ በጠፋ በአምስተኛው ቀን ስልክ ደውሎ «ምን አገኘሽ?» የሚላት ተከታታዩ ነው። የማስረከቢያውን ሰዓት ወደ ካርቱም ሰዓት እንዲያዛውር ሥልጣን ሊኖረው የሚገባውም እርሱ ነው። ለአምስት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ማሳሰቢያ በጅምላ መላክን ግን እኔ ድጋፍ ብዬ አልጠራውም። እርሱንማ ማሽኑም ይልከዋል።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። «ጥሩ መምህር ካለ፣ ትምህርቱም ተቀርጾ ከተቀመጠ፣ ተማሪውም ስልክ ካለው በመካከል ሌላ ደመወዝተኛ ለምን ያስፈልጋል? ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ዐዋቂ ሰው ነው፤ ራሱን ይቻል» ይላሉ። የገንዘቡ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልሆነ አልክድም። ሆኖም ነገሩ በሰፊው ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ሐርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. የተባሉት ታላላቅ የአሜሪካ ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2012 መጸው እስከ 2013 በጋ ድረስ አሥራ ሰባት ትምህርቶችን ለዓለም ሕዝብ በነፃ በበይነ መረብ አቅርበው ነበር። መምህራኑ የተመረጡ፣ የቀረጻው ጥራትም የሚያስመሰግን ነበር። 841,687 ምዝገባ ተደረገ። የማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ግን ለ43,196 ብቻ ነው። ይህም ከመቶ አምስት ያህል መሆኑ ነው። እርግጥ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ የገቡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉንም ወድቀው እንደ ቀሩ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ለሐጅ ዩሱፍዋ ልጅ ትምህርቱ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። እርስዋ ከመቶው አምስት ውስጥ እንድትገባ የሚያደርጋት ምንድን ነው? በመካከሉ ስታቋርጥማ፣ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ሰነፍ ናት ለማለት ሁሉም ይቀድማል።

የርቀት ትምህርትን በብልኃት የጀመሩት ሰዎች ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው አስበውበት ነበር። የእንግሊዝ ክፍት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል የቴሌቪዥንና የራዲዮ ትምህርቱ በዓለም ተወርቶለታል። ነገር ግን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ተማሪውን ይዞ ያቆየው በየአካባቢው የተመደበለት አስጠኚና አማካሪ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ሰው የተማሪውን የጽሑፍ ሥራ በፖስታ ተቀብሎ፣ አርሞ፣ በኅዳጉ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመልስለታል። ተማሪው በማያየው ሰው ዘንድ እንደሚታወቅ ያውቃል።

ወደ ካርቱም የሚያደርሰን መንገድም ከዚሁ ይነሣል። የክፍት ዩኒቨርሲቲን አሳብ ቀደም ብለው ካነሡት ሰዎች አንዱ የሆነው ማይክል ያንግ በ1971 እ.ኤ.አ. ለታዳጊ አገሮች የርቀት ትምህርት የሚረዳ ዓለም አቀፍ ኮሌጅ አቋቋመ። ይህም ኮሌጅ በ1984 እ.ኤ.አ. የሱዳን ክፍት ትምህርት ክፍል የተባለውን ድርጅት በካርቱም መሠረተ። ድርጅቱ በመጀመሪያ የተቋቋመው በሱዳን ለነበሩት ስደተኞች ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱት ይገኙበት ነበር። ያን ጊዜ ኢንተርኔት አልነበረም። የነበረው በጥንቃቄ የታተመ መጽሐፍ፣ የመማሪያ ማዕከልና አስጠኚ ነው። የተማሪዎቹ ደረጃ ከዩኒቨርሲቲ በታች ቢሆንም፣ ለከፍተኛ ትምህርትም የሚሠራ ጥበብ ነበረበት፤ መጽሐፉን ለብቻው አልላኩትም።

ዛሬ መጽሐፉ በአንድ ቅጽበት ይላካል። አስጠኚው ግን እንደ ትርፍ ወጪ ይቆጠራል። ለምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ኮምፒዩተር ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አንድ ሰው ማታ ማታ ለሃያ ተማሪ ስልክ ሲደውል የሚያየው የለም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ሥራ ሌላ ክብደት አለው። መስመሩ ራሱ የማይታመን ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋርጦ ቆይቷል። ከጥቅምት 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፍቶ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ምክንያት ነው። በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በሚሰጥባቸው ቀናት፣ ተፈታኞች መልስ እንዳይቀባበሉ ሲባል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሰዓታት ይዘጋ ነበር። በአገራችንም በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዘጋቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እንግዲህ የታናሽ እኅት ፈተና እንዳይሰረቅ ሲባል የታላቅ እኅት ፈተና ይሰረዛል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱን ነገር አስቀድሞ ዐውቆ የማስረከቢያውን ቀን የሚያዛውር ሰው ከሌለ ጥፋቱ በተማሪዋ ስም ይመዘገባል።

የመሣሪያንና የሰውን ቦታ ማሳከር ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ «ፕላዝማ» እያሉ ይነግሩአችኋል። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ለመጻፍ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ የገባውም ያልገባውም ሳይለይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የክፍሉ መምህር፣ ከመግቢያውና ከመዝጊያው ጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር፣ ጠመኔውን ይዞ ከጥግ ይቆማል። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ የሚያውቀው ሰው በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። እኔም መምህር ስለሆንኩ በዚህ ነገር ትንሽ ሳልቆጣ አልቀርም፤ ይሁንና የቴሌቪዥኑ ትምህርት በላቦራቶሪ ልናሳይ የማንችለውን ብዙ ነገር እንዳሳየ መካድ አይገባም።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ተመሳሳይ ፈተና የገጠማቸው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። በኮቪድ 19 ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በበይነ መረብ እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ያን ጊዜ ሥራው የወደቀው ኮምፒዩተር በሚያውቁ ጥቂት መምህራን ጫንቃ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተር ካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የበይነ መረብ ትምህርትን ለማጠናከር የጀመረው ፕሮግራም 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለመድረስ ያለመ ነው። ዕቅዱ ታላቅ ነው፤ ደግ ሥራም ነው። የእኔ ጥያቄ መምህራኑ ከሠለጠኑ በኋላ ስላለው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። አሰናጁና ተከታታዩ በዩኒቨርሲቲው መዋቅር ውስጥ የራሳቸው የሥራ መደብ አላቸውን? ደረጃቸው የሚያድገው በምን ይለካል? መምህር በጥናት ጽሑፉ ማዕርግ ያገኛል። መቶ ተማሪ ከመውደቅ ያዳነ አስተባባሪ ግን ሥራው «ከመደበኛው በተጨማሪ» እየተባለ በአበል የሚታለፍ ከሆነ፣ ጎበዙ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ቦታውንም አዲስ ሰው ከሀ ይጀምረዋል። ስለዚህ ቋሚ መደብ፣ የሚታወቅ የዕድገት መሰላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመወሰን ሥልጣን ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ። ሳያስፈቅድ አንድ ቀን እንኳ ለማራዘም የማይችል አስተባባሪ መልእክተኛ ነው እንጂ ባለሙያ አይባልም።

አሁን ወደ ሐጅ ዩሱፍዋ ልጅ እንመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ጥለው በበይነ መረብ ለማስተማር ተገደዋል፤ የመፈተኛ ጣቢያም በሌሎች ከተሞችና በውጭ አገር ከፍተዋል። በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የስልክ መስመሮቹ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ጸጥ ሲሉ፣ ከከተማው ያልወጡት ሰዎች የስታርሊንክ መሣሪያ ወዳለበት ቦታ እየሄዱ በሰዓት እየከፈሉ ነበር ከዓለም ጋር የሚገናኙት። የእኛ ልጅ ግን፣ ብዙ ወገኖቻችን እንዳደረጉት፣ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት ወጥታ ድንበሩን ተሻግራለች እንበል። መተማ ላይ ስልክዋን ስትከፍት ሁለት መልእክት ይጠብቃታል። አንደኛው ከኮምፒዩተሩ ነው፤ አራት ሥራዎች እንደቀሩባት ይናገራል። ሁለተኛው ከተከታታይዋ ነው፤ «ደኅና ነሽ ወይ? የቀሩትን ሥራዎች እኔ አዘግይቻቸዋለሁ» ይላል።

ጎንደር ገብታ እንደገና ትምህርትዋን ትይዛለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ይዘጋል። የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቀን ተከታታይዋ ይደውልላትና ጥያቄዎቹን ያነብላታል፤ እርስዋም በደብተርዋ ገልብጣ፣ ሠርታ፣ በሚቀጥለው ጥሪ መልስዋን በቃልዋ ትነግረዋለች። እርሱም ይጽፋል። ይህ ሥራ እንደ ፈተና ይያዝላት ይሆን? በዩኒቨርሲቲው ደንብ ውስጥ ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ አለን? አንቀጹ ከሌለስ፣ ማታ ተቀምጦ እንዲጻፍ የሚከራከርላት ሰው ተመድቧልን?