ርእሰ አንቀጽ፦ ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳንጮህ

የሠፈራችን ነዋሪዎችና የማኅበራችን አባላት ሆይ፤

በገበያ ቀን ወይም በሆለታ መኪና መሳፈሪያ ግፊያ ውስጥ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ምን ያደርጋል? ኪሱን ይዳብሳል፣ ይደነግጣል፣ ጥቂት ይራገማል። ከዚያም «በቃ ሄዷል፣ እግዜር ሌላ ይስጠኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የእህል ሽያጭ፣ የልጅ ደመወዝ፣ የዕቁብ ገንዘብ የሚገባውና የሚወጣው በእሱ ነው። ሌባው ስልኩ ቢቆለፍበት እንኳ ሲም ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢያስገባው፣ ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ለእሱ ይደርሰዋል። በእኛው ቁጥር ለዘመድ ወዳጅ «ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ» ብሎ መጻፍም ይችላል። ስለዚህ የስልኩ ዋጋ ከጉዳቱ ትንሹ ነው።

ስልክ የጠፋበት ሰው ሳይውል ሳያድር የሚከተለውን ይፈጽም። አንደኛ፣ ከጎረቤት ስልክ ወደ 994 (የሳፋሪኮም ደንበኛ ከሆነ ወደ 700) ደውሎ ሲም ካርዱን ያዘጋ። ሁለተኛ፣ ለባንኩ ያስታውቅ፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ይደውል። ሦስተኛ፣ ስልኩ ዘመናዊ ከሆነ በሌላ ስልክ ላይ በራሱ የጉግል አካውንት ገብቶ የት እንዳለ ይፈልግ፣ ይቆልፈው፤ ተስፋ ከቆረጠ ውስጡን ያጥፋ። ይህ የሚሠራው ግን ስልኩ ሲበራና ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። አራተኛ፣ ለፖሊስ ያመልክት። የተሰረቀው ስልክ የት እንዳለ ቢታወቅም ብቻውን ሊያስመልስ አይሂድ፤ ስልክ ይተካል፣ ሰው አይተካም። «ስልክህን አግኝተነዋል፣ የተላከልህን ቁጥር ንገረን» የሚል ቢደውልለትም አይመን።

ነገር ግን ዋናው ሥራ ከስርቆቱ በፊት ያለው ነው። *#06# ብንጽፍ ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ እሱን ደብተር ላይ ጽፈን ደብተሩን ቤት እናስቀምጥ። ለሲም ካርዱም የራሱን ፒን እናውጣለት፤ ፒኑን የማያውቅ ሰው ወደ ሌላ ስልክ ቢያዛውረው አይሠራለትም። ፒኑን ሦስት ጊዜ ብንሳሳት ሲሙ ስለሚቆለፍ፣ መክፈቻው የታተመበትን ካርድ አንጣለው። የልደት ዘመንን የምሥጢር ቁጥር ማድረግም ይቅር።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን መታወቂያውንም፣ የምሥጢር ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀትም በስልኩ ከቨር ውስጥ የሚሸጉጥ ስንቱ ነው? ይህ ቤትን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ማንበብ ስለሚቸግራቸው ስልኩንም ቁጥሩንም ለባለሱቅ አሳልፈው ይሰጣሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ቁጭ ብለን ያላስተማርናቸው የእኛ የልጆቻቸው ነው። የዕድርና የዕቁብ ገንዘብ ያዦችም ያስቡበት፤ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ማደር የለበትም።

ሌላም አለ። የተሰረቀ ስልክ ገዢ ባያገኝ ሌባው ምን ያደርገዋል? ደረሰኝም ካርቶንም የሌለውን ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲያቀርቡልን «ረከሰልኝ» ብለን የምንገዛው እኛው ነን። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖርስ? የጎረቤትን እንባ በርካሽ መግዛት ነውር ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንዲፈጽሙ አጥብቀን እናሳስባለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ የስልኮቹን መለያ ቁጥር ይመዝግብ፤ እያንዳንዱ ወጣት ደግሞ ከቤቱ ወይም ከጎረቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ሲሙን በፒን እንዲቆልፍ ይርዳ። የምሥጢር ቁጥሩን ግን ባለቤቱ ብቻ ይወቀው፤ ለማኅበሩም ቢሆን አይነገር።

ጅቡ ሳይመጣ በሩን እንዝጋ!